የወንድምአገኝ መርዶ

ወንድምአገኝ የሞተው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። እሱ ራሱ ግን አልሰማም፤ ብየዳ ላይ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ነፍስ ይማር» እያለ እሱ የሰው የግቢ በር ማጠፊያ ይበይዳል።

የገደለችው ኣድያም ትባላለች። መሣሪያዋ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። በሥራ ቀን ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ክስና ይግባኝ ስትተይብ ትውላለች። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ግን አብነት፣ መንገድ ዳር ባለው የአባቷ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ዌብሳይት ትሠራለች። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አይከፍላትም። ሰው ኳስ ያያል፣ ሰው ካርታ ይጫወታል፤ የሷ ሱስ ይኸው ነው። ከስልኳ ቪዲዮ እያየች ራሷን አስተማረች፤ የሠራችውን መልሳ ታፈርሳለች፣ የተበላሸውን ትጠግናለች፣ ሲከፈትላት ደግሞ ብቻዋን ትስቃለች። አክስቷ «ይቺ ልጅ ከባል በፊት ኮምፒውተር አገባች» ብላ ተስፋ ቆርጣለች።

የሰፈሩን እድር ዌብሳይትም የሠራችው እንዲሁ በፍላጎቷ ነው። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ጉልበታቸው ደክሞ፣ ጡሩንባው ከአስፋልቱ ማዶ መሰማት አቁሞ ነበር። ኣድያም የእድሩን ሊቀመንበር ጋሽ ከሊፋን ጨርቅ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ለመነቻቸው። «ሰው ሲሞት ጸሐፊው እዚህ ላይ ይጽፋል፤ መልእክቱ ወዲያው ለአባላቱ ሁሉ በቴሌግራም ይደርሳል» አለቻቸው። ጋሽ ከሊፋ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉና «በይ እስቲ» አሉ።

ያን ቅዳሜ መልእክቱ በወጉ መቀመጡን ልታይ ፈለገች። የሙከራ ስም አስፈለጋት። ቀና ስትል ከመስኮቷ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ «ወንድምአገኝ ብየዳ» የሚል ታፔላ አለ። ጻፈችው። «አባላችን አቶ ወንድምአገኝ ብየዳ በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ፣ ሥርዓተ ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።» ደስ የሚል ሆኖ ተቀመጠላት። ተጫነችውና ሻይ ልታፈላ ተነሣች።

ዌብሳይቱን ከቴሌግራሙ ጋር ትናንት አገናኝታው ነበር። ረስታዋለች።

ብየዳ የአባቱ ስም እንዳልሆነ ማን ልብ ይበል? ሰፈሩ ልጁን የሚጠራው በዚሁ ነው። ሻዩ ሳይፈላ የእድሩ ወጣቶች የድንኳን ብረት ተሸክመው ወደ እናቱ ቤት ገሰገሱ። ኣድያም ስልኳ ሲንጫጫ አንሥታ ብታይ «ነፍስ ይማር» እየተደራረበ ነው። ወዲያው መልእክቱን አጠፋችው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከሩቅ ጩኸት ተሰማ።

ነጠላዋን አንሥታ በሩን ስትከፍት አንድ ጎልማሳ ደጃፏ ላይ ቆሟል። ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፣ የብየዳ ማስኩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎታል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«የእድሩን ነገር የምትሠሪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«የሞትኩት እኔ ነኝ» አላት።

ተያዩ። ኣድያም ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ማስኩን ከፍ አድርጎ ላቡን ሲጠርግ ስንት ቅዳሜ ከመስኮቷ አይታዋለች። በቅርብ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሙከራ ነበር፤ የኔ ስህተት ነው። እናትህ የት ናቸው?» አለችው።

«እናቴ ከገበያ ስትመለስ ድንኳኑን በሯ ላይ አይታ ወደቀች። አሁን ነቅታለች። ቆሜ እያየችኝ እንኳን ማመን አቅቷታል።»

«እንሂድ።»

«የት?»

«እሳቸው ጋ ነዋ።»

«አብደሻል? አሁን ብትሄጂ በድንኳኑ ብረት ነው የሚቀበሉሽ።»

«ይቀበሉኝ» ብላ ቀደመችው።

የእትዬ ተዋበች ግቢ በሰው ተሞልቷል። ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ድንኳን ይነቅላል። እትዬ ተዋበች ደፍ ላይ ተቀምጠው ሴቶች ውሃ ይረጩባቸዋል። ኣድያም ፊታቸው ተንበረከከች።

«በልጄ ላይ ሞት የጠራሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ሳላውቅ ነው። ይቅር በሉኝ።»

«ሟርተኛ» አሉ ቀስ ብለው። ቢጮኹ ይሻል ነበር። «ከደጄ ጥፊልኝ። ሁለተኛ እግርሽ እዚህ እንዳይደርስ።»

በማግሥቱ እድሩ ተሰበሰበ። ሰዉ ሁሉ ቁጣው ዱላ ቀረሽ ሆኖ ነው የመጣው። «ይሄ ነገር ይዘጋ፤ በጤናው ሰው መቅበር ጀመርን እኮ» አለ አንዱ። «መጀመሪያም ለዚች ልጅ መስጠት አልነበረብንም» አለ ሌላው። የኣድያም አባት አቶ ሃብተኣብ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ከኋላ ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። ልጅቱ ግን ተነሣች።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቅጣት ካለ ቅጡኝ፣ እቀበላለሁ። ዌብሳይቱን ግን አልዘጋም። ባለፈው ክረምት ጋሽ ሰላሁን የሞቱ ጊዜ ዝናብ ነበር፣ ጡሩንባውን የሰማ ጥቂት ነው። ግማሻችሁ ሳትቀብሩ ቀርታችሁ ሠልስት ላይ ነው የደረሳችሁት። ያኔ ጡሩንባው ይዘጋ ያለ ሰው አለ?»

ጋሽ ወልደ ሚካኤል ከጥግ «እውነቷን ነው» አሉ። ጡሩንባው የራሳቸው ነውና ማንም ሊከራከራቸው አልደፈረም። ጋሽ ከሊፋ በጢማቸው ውስጥ ሳቅ አሉና «ቅጣቷ ነገሩን ደህና አድርጋ መጠገን ነው» ብለው ስብሰባውን ዘጉ። ሰው እየተበተነ «ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ናት» ሲል ሰምታለች። አልተከፋችም።

ወንድምአገኝም እዚያ ነበር። አስፋልቱ ላይ ደረሰባት።

«እኔም ዌብሳይት እፈልጋለሁ» አላት።

«ለምን?»

«በሩን ለማን ልሽጥ? ሰው ሁሉ ወንድምአገኝ ሞቷል ብሎ ሌላ ብየዳ ቤት ሄዷል።»

ሳቋ አመለጣት። እንዲህ ተጀመረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ማስኩን አስቀምጦ ይሻገራል፤ ወይ እሷ ላፕቶፗን አቅፋ ትሻገራለች። የሠራቸውን በሮች ፎቶ ያነሣሉ። አበባ የሚያወጣበት ብረት፣ ሐረግ የሚጠመዘዝበት የመስኮት ፍርግርግ አለ። ከቀጥ ያለ ብረት ይህን ማውጣቱ ይገርማታል። እሱ ደግሞ ከባዶ ተነሥታ ገጽ ስታወጣ እያየ ይገረማል። «ይሄ ሁሉ ፊደል ምንድን ነው?» ሲላት «ያንተ ኤሌክትሮድ ነው፣ መበየጃዬ» ትለዋለች። ዝም ብለው ጎን ለጎን የሚቆዩበትም ጊዜ አለ፤ እሷ ትጽፋለች፣ እሱ እጇን ያያል። አባቷ ያልፋሉ፣ ይስላሉ፣ ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ድንገት ጠየቃት። «ከስንት ስም መሐል የኔን ለምን መረጥሽ?»

«ታፔላህ ፊቴ ላይ ነው።»

«የፀጉር ቤቱም ታፔላ ፊትሽ ላይ ነው።»

ጆሮዋ ድረስ ሙቀት ተሰማት። ከዚያ መዋሸት ደከማት።

«ልጅ ሆኜ ብየዳ እንዳላይ ስንቴ ተመክሬያለሁ፣ ዓይን ያጠፋል ተብዬ። አሁንም ብየዳውን አላይም። አንተ ማስኩን የምታነሣበትን ሰዓት ነው የምጠብቀው።»

ወንድምአገኝ በብረት ቃጠሎ የጠቆረ እጁን አንሥቶ እጇ ላይ አኖረው። ሁለቱም ከመስኮቱ ውጪ የሚያልፈውን ታክሲ ያዩ መሰሉ። ማናቸውም አላዩትም።

እንደ ሰፈሩ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ጎረቤቱ ቀድሞ ነቅቶ «ሳይደግስ አይጣላም፤ በመርዶ የጀመረ በሠርግ ሊያልቅ ነው» ማለት ጀምሯል። እትዬ ተዋበች ግን ሲሰሙ ወደ አፋቸው ያነሡትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡ። «ልጄን በቁሙ የቀበረች ሴት ምራቴ አትሆንም። ወይ እሷ ወይ እኔ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ከልጃቸው ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ ተዉ።

ወንድምአገኝ ይህን ሲነግራት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ያኔ ነው የአባቱንም ነገር ያወጣው። አባቱ ከክፍለ ሀገር ሲመለስ መኪና ተገልብጦ ሲሞት ወሬው ለእድሩ ቀድሞ ደረሰ። እናቱ ከቅዳሴ ተመልሳ መንገዱ ላይ ስትታጠፍ በሯ ላይ ድንኳን አየች። መርዶ ነጋሪም ሽማግሌም አልቀደመም። ባሏ መሞቱን የነገራት ሸራው ነው።

ኣድያም ይህን ስትሰማ ልቧ ተሰነጠቀ። ያን ቅዳሜ ሴትዮዋ ድንኳኑን ሲያዩ ምን እንዳዩ አሁን ገባት።

«አንድ ነገር አስቤያለሁ» አለ ወንድምአገኝ። «ስህተቱ የሙኒር ነው ብዬ ልንገራት።» ሙኒር የእድሩ ጸሐፊ ነው። «ተስማምቷል። ጸሐፊው በስህተት ጻፈው እንላታለን። ያኔ አንቺ ላይ ቂም አይኖራትም።»

«ምን?»

«ትንሽ ውሸት ናት፣ ኣድዬ።»

«ስህተቴን ለሙኒር ሰጥቼ አንተን ልውሰድ?»

«ሌላ ምን መንገድ አለ?»

«የሠራሁትም የኔ ነው፣ ያጠፋሁትም የኔ ነው። አንተንም የኔ ነህ ብያለሁ። ሁሉንም በስሜ ነው የምፈልገው።»

«እናቴ ናት።»

«እኔስ ማን ነኝ?»

ቆሞ ቆሞ አስፋልቱን ተሻገረ። ኣድያም መስኮቱን ዘጋችው። ዘግታው ነው ያለቀሰችው፤ እንዳያያት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት መስኮቱ አልተከፈተም። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ከቢሮ ስትመለስ የእድሩን ዌብሳይት ትፈታለች፣ ትገጥማለች። ማንም የሞተ ሰው ስም ቢጽፍ እንዲሁ እንዳይወጣ አደረገችው። መጀመሪያ ለቤተሰቡ መርዶው በሰው አፍ መነገር አለበት፤ «ነግረናል» ብለው ሁለት ሽማግሌዎች ከየስልካቸው ካላረጋገጡ መልእክቱ ንቅንቅ አይልም። ጋሽ ከሊፋ እንዲህ አድርገሽ ሥሪ አላሏትም። ወንድምአገኝም አያውቅም። ሲያልቅ ላፕቶፑን ከደነችና አባቷ ወደተቀመጡበት ሄደች።

«አባዬ፣ ሽማግሌ ላክልኝ።»

አቶ ሃብተኣብ ራዲዮኑን ቀነሱ። «ወዴት?»

«እትዬ ተዋበች ጋ። ልጃቸውን እንዲሰጡኝ።»

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ሽማግሌ የሚልከው እኮ ወንዱ ነው።»

«ወንዱ ፈራ።»

«የሚፈራ ወንድ ምን ያደርግልሻል?»

«የፈራው እናቱን ነው። አንተ እናትህን አትፈራም ነበር?»

አቶ ሃብተኣብ ግድግዳው ላይ ያለውን የእናታቸውን ፎቶ አዩ። «ኮቴን አምጪልኝ» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አራት ሆነው ሄዱ፦ ጋሽ ከሊፋ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ከዘራቸውን ይዘው፣ አቶ ሃብተኣብ በኮታቸው፣ ኣድያም ከኋላ። አባት ለልጁ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ አይሄድም፤ ሙሽራም ሽማግሌ ተከትላ አትሄድም። መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ቆሞ አያቸው። ኣድያም ቀና ብላ ነው የሄደችው። ይዩ፤ ምን ያመጣሉ?

እትዬ ተዋበች በሩን ሲከፍቱ ደነገጡ። ሽማግሌ ከደጅ አይመለስምና «ግቡ» አሉ። «ተቀመጡ።»

«የመጣንበትን ተናግረን መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ከሊፋ እንደ ወጉ። «ተዋበች፣ ልጅሽን ለልጃችን እንድትሰጪን ልንለምን ነው የመጣነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ሴት ሽማግሌ የምትልከው?»

«ከዛሬ ወዲህ» አሉ ጋሽ ወልደ ሚካኤል።

እትዬ ተዋበች ከሦስቱ ሽማግሌዎች ትከሻ በላይ ኣድያምን አዩዋት። «ደጄን እንዳትረግጪ ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኛል።»

«ያን ነገርሽንስ ትተሽዋል?»

እዚህ ላይ አዎ ቢሉ ነገር ይቀላል። አቶ ሃብተኣብ ልጃቸውን ቆንጠጥ ሊያደርጉ ምንም አልቀራቸውም።

«አልተውኩም፣ እትዬ። አልተውምም» አለች ኣድያም ወደፊት ወጥታ። «ያን ቅዳሜ የበደልኩዎት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም። ባለቤትዎ ያረፉ ዕለትም ማንም ሳይነግርዎት ድንኳን እንዳዩ ሰምቻለሁ። ሁለት ጊዜ አንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር መድረሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። አሁን በኛ እድር ቤተሰቡ በሽማግሌ አፍ፣ ተቀምጦ፣ አጠገቡ ሰው ኖሮ ካልተነገረው በቀር መልእክት አይወጣም። መልእክት ሳይወጣ ደግሞ ድንኳን ከመጋዘን አይነሣም፤ ጋሽ ከሊፋም ደንብ አድርገውታል። ይህን የሠራሁት እርስዎን ለማባበል አይደለም። ዛሬ አይሆንም ቢሉኝም እንዳለ ይቆያል።»

እትዬ ተዋበች የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠመዘዙት። ሲናገሩ ወደ ልጅቷ ሳይሆን ወደ ጋሽ ከሊፋ ነበር።

«ያኔ ይቅርታ ያለኝ አንድ ሰው የለም፣ ከሊፋ። አንድ ሰው። አርባው ወጣ፣ ሙት ዓመቱ ወጣ፣ ሁሉም በልቶ ጠጥቶ ሄደ። ይሄ ልክ አልነበረም ያለኝ የለም።»

ጋሽ ከሊፋ ቆባቸውን አወለቁ። «ያኔም ሊቀመንበሩ እኔ ነበርኩ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልክ አልነበረም። ይቅር በይን፣ ተዋበች።»

እትዬ ተዋበች አለቀሱ። ያለ ሙሾ፣ ያለ ድምፅ፣ ዝም ብለው አለቀሱ። ማንም ዝም በይ አላላቸውም። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ጓዳ ዞሩ።

«አንተ፣ ና ውጣ። በር ሥር ቆመህ እንደምትሰማ አውቃለሁ።»

ወንድምአገኝ ወጣ። የእሑድ ሸሚዙን ለብሷል፤ ፊቱ ግን ብዙ እንቅልፍ ያላየ ነው። ኣድያምን ሲያይ የሚይዘው ጠፍቶት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ሽማግሌ ተልኮብሃል» አሉት እናቱ። «ምን ትላለህ?»

«እሺ» አለ።

«አልሰማሁም።»

ወንድምአገኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ኣድያምን እያየ፣ ለእናቱ ተናገረ። «አገባታለሁ፣ እማዬ። አንቺ እሺ ብትይ ደስ ይለኛል። እሺ ባትይም አገባታለሁ። ይህን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ እሷ ደጅሽ ድረስ መምጣት አልነበረባትም።»

ኣድያም ያን ሁሉ ሰዓት የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። መስኮቱን ዘግታ ያለቀሰችባቸው ቀኖች ሁሉ ከላይዋ ላይ ተነሡላት። ልትስቅ ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ተወችው።

«ይኸው፣ አፍ አለው ለካ» አሉ እትዬ ተዋበች። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። «በሉ ተቀመጡ። እሺ ብያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» እየተባባሉ ቆመው ቀሩ። ኣድያም አልፋቸው ሄዳ እትዬ ተዋበች አጠገብ፣ መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«ምራት ከሽማግሌ ቀድማ ትቀመጣለች?»

«ደክሞኛል፣ እትዬ» አለች።

እትዬ ተዋበች ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።